ስለ አንሪ ሚኜ «የሰማይ ቅማል» የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

በ1930ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳይንና እንግሊዝን ያነጋገረች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ነበረች። ስሟ ኤችኤም 14 ነው። ሰው ግን የሚያውቃት «ፑ ዱ ሲየል»፣ ማለትም «የሰማይ ቅማል» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ንድፏን ያወጣው አንሪ ሚኜ የሚባል ፈረንሳዊ አማተር ነው። በ1893 ተወልዶ በ1965 ሞተ።

ዛሬ ከአቪዬሽን ወዳጆች ውጪ ሚኜን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። የሚያውቁትም ቢሆኑ ታሪኩን ብዙ ጊዜ በሁለት መልክ ነው የሚያወሩት። አንደኛው ወገን ሰው ያስጨረሰ ግዴለሽ ያደርገዋል። ሌላው ደግሞ መንግሥታት በግፍ ያስቆሙት ሊቅ ነው ይላል። ሁለቱም እውነቱን ይስታሉ። ይህ ደግሞ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እውነተኛው ታሪክ ከሁለቱም የበለጠ ትምህርት አለው። እስቲ የተለመዱትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሚኜ ስለ አውሮፕላን የማያውቅ ሰው ነበር»

የአውሮፕላን መሐንዲስ አለመሆኑ እውነት ነው። ሙያው ሬዲዮ ነበር። ግን በአንድ ሌሊት ተነስቶ አውሮፕላን ልሥራ ያለ ሰው አልነበረም። ገና በወጣትነቱ ከጉስታቭ ሊሊየንታል ጋር ይጻጻፍ ነበር። ጉስታቭ በተንሸራታች ክንፍ በረራ ፈር የቀደደው የጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ወንድም ነው። ኤችኤም የሚለው የሚኜ ስም መነሻ ፊደላት ሲሆን፣ 14 ቁጥሩ ደግሞ ከዚያ በፊት ስንት ንድፍ እንዳወጣ ይናገራል። አንዳንዶቹ ጨርሶ አልበረሩም። በ1920ዎቹ መጨረሻ የወጣው ኤችኤም 8 ግን በደንብ የሚበር፣ መደበኛ ባለ አንድ ክንፍ አውሮፕላን ነበር። እሱን አይተው በየቤታቸው የሠሩ አማተሮችም ነበሩ። እንግዲህ ኤችኤም 14 በሴፕቴምበር 1933 ሶይሶን ከተማ አቅራቢያ ስትነሳ፣ ከኋላዋ ከ20 ዓመት በላይ የሙከራ ልፋት ነበር።

«ሁለት ክንፍ ስላላት ባይፕሌን ናት»

አይደለችም። ባይፕሌን ላይ ክንፎቹ አንዱ ከሌላው በላይ ይቀመጣሉ፤ ጅራት ላይ ደግሞ አግድም ትንሽ ክንፍ አለ። ሚኜ ሁለቱን ክንፎች ከፊትና ከኋላ አደረጋቸው። የፊተኛው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የኋለኛው ዝቅ ብሎ ከአብራሪው ጀርባ ይውላል። አግድም ጅራት የሚባል ነገር የላትም።

ይህን ያደረገው ለየት ለማለት ብሎ አይደለም። የተለመዱትን አውሮፕላኖች መንዳት እንደሚያስቸግረው ራሱ ይናገር ነበር። እንደሚታወቀው መደበኛ አውሮፕላን በእጅ ዘንግና በእግር ፔዳል አንድ ላይ ነው የሚነዳው። በክንፉ ጫፍ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ አይለሮን የሚባሉት፣ ወደ ጎን ያጋድሉታል። የጅራቱ መሪ አፍንጫውን ያዞረዋል። ሁለቱ ካልተናበቡ ችግር ይመጣል። በተለይ ዝቅ ብሎና ፍጥነት ቀንሶ ሲዞር፣ አውሮፕላኑ ተሽከርክሮ ሊወድቅ ይችላል። በዚያ ዘመን ብዙ ጀማሪ አብራሪዎች በዚህ መንገድ ሞተዋል።

የሚኜ መልስ አይለሮኑንና ፔዳሉን ጭራሽ ማስወገድ ሆነ። ዘንጉን ወደ ራስህ ስትስብ የፊተኛው ክንፍ በሙሉ ቀና ይላል፤ አፍንጫው ይነሳል። ወደ ጎን ስትገፋው ትልቁ የጅራት መሪ ይዞራል። ክንፎቹ ጫፋቸው ወደ ላይ የቀና ስለሆነ፣ መሪው ሲዞር አውሮፕላኑ በራሱ ጊዜ ወደ መዞሪያው ያጋድላል። ስለዚህ «አይለሮን የሌለው አውሮፕላን መዞር አይችልም» የሚለውም ስህተት ነው። ይዞራል፣ በደንብ።

«ምስማር መምታት የሚችል ሁሉ ሠርቶ ያበራታል»

የዚህ አባባል ምንጭ ራሱ ሚኜ ነው። የዕቃ ሳጥን በምስማር መግጠም የቻለ ሰው አውሮፕላንም መሥራት ይችላል ይል ነበር። በ1934 «የአየር ስፖርት» የሚል መጽሐፍ አወጣ። ንድፉን፣ ልኩን፣ አሠራሩን፣ ሌላው ቀርቶ ብቻህን መብረር እንዴት እንደምትማር ጭምር ጻፈበት። መጽሐፉ በ1935 ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም እንደ ጉድ ተሸጠ።

የመሥራቱ ነገር ብዙም ውሸት አልነበረበትም። እንጨት፣ ኮምፔንሳቶ፣ ሸራ፣ ኮላ፣ ቡሎንና የሽቦ ገመድ ነው የምትፈልገው። የፊተኛው ክንፍ ርዝመት 6 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ባዶ ክብደቷ 100 ኪሎ አካባቢ ነው። ሚኜ የገጠመላት ሞተር የሞተር ሳይክል ዓይነት፣ 17 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። አናጢነት የሚችል ትዕግሥተኛ ሰው ጋራዡ ውስጥ ሊጨርሳት ይችላል። ብዙዎችም ጨርሰዋል። እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ከ100 በላይ ተሠርተዋል።

ያበራታል የሚለው ላይ ነው አደጋው። ሠርቶ መጨረስና በሰላም መብረር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሠሪዎች የመጽሐፉን ልክ በትክክል አልተከተሉም። ያገኙትን ሞተር ገጠሙ፤ ከባድም ቀላልም። ሞተር ሲቀየር የክብደት ማዕከሉ ይሸሻል። አውሮፕላን ላይ ደግሞ ክብደት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መሄዱ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው መጽሐፍ አንብቦ በጥቂት ሳምንታት ብቻውን አብራሪ ይሆናል የሚለው ተስፋም ከልክ ያለፈ ነበር። እዚህ ላይ ሚኜን መውቀስ ተገቢ ይመስለኛል። እሱ ያለፈበትን የዓመታት ልምድ አንባቢው እንደሌለው በበቂ አላሰበበትም።

«ስለማትሽከረከር አስተማማኝ ናት»

ደጋፊዎቿ እስከ ዛሬ ይህን ሲሉ ይሰማል። ከፊሉ እውነት ነው። መደበኛ አውሮፕላን አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ሲል ክንፉ አየሩን መያዝ ያቅተዋል። ይህ ስቶል ይባላል፤ ተሽከርክሮ መውደቁም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ኤችኤም 14 ላይ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ብትስበው እንኳ እንደዚያ በድንገት አትከዳህም። ቀስ ብላ ትወርዳለች። ሚኜ የፈራውን አደጋ በእርግጥም አስወግዶታል።

ችግሩ ሌላ አደጋ በሌላ በር መግባቱ ነው። ያኔ ይህን ማንም አላወቀም፤ ሚኜም ጭምር።

«የሞቱት በራሳቸው የእጅ ሥራ ጉድለት ነው»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። በ1935 እና በ1936 ፈረንሳይም እንግሊዝም ውስጥ ሰዎች መሞት ጀመሩ። አደጋዎቹ በሚያስገርም ሁኔታ ይመሳሰሉ ነበር። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ትደፋለች። አብራሪው ዘንጉን ይስባል። እሷ ግን ከመቃናት ይልቅ ይበልጥ ትዘቀዝቃለች፤ አንዳንዴም በጀርባዋ ተገልብጣ መሬት ትመታለች። ከሞቱት መካከል የብሪታንያ አየር ኃይል ልምድ ያላቸው መኮንኖች ነበሩ። ስለዚህ «ጀማሪዎች ስለሆኑ ነው» የሚለው ብቻውን አያስኬድም።

ምክንያቱን ለማወቅ ሙሉ አውሮፕላኗን ወደ ነፋስ መሞከሪያ ዋሻ፣ ማለትም አየር በኃይል ወደሚነፍስበት ትልቅ ቱቦ ማስገባት አስፈለገ። ፈረንሳይ ውስጥ ሻሌ ሜዶን፣ እንግሊዝ ውስጥ ፋርንቦሮ በሚገኙት ትልልቅ ዋሻዎች ተመረመረች። ሁለቱም ቦታ ችግሩ በሁለቱ ክንፎች መካከል ባለው ክፍተት ላይ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊተኛው ክንፍ የኋላ ጠርዝ ከኋለኛው ክንፍ የፊት ጠርዝ በላይ፣ በጣም ተጠግቶ ይውላል። ዘንጉን ስትስብ የፊተኛው ክንፍ ፊቱ ቀና፣ ጀርባው ዝቅ ይላል። ያኔ በመሐል ያለው ክፍተት ይጠብባል። አየሩ በጠባቡ በኩል ሲያልፍ ይፈጥናል። የፈጠነው አየር በኋለኛው ክንፍ ጀርባ ላይ ስለሚያልፍ የኋለኛው ክንፍ የማንሳት ኃይል ይጨምራል። በመደበኛ በረራ ይህ ምንም አይደለም፤ ሁለቱም ክንፎች ያነሳሉ፣ የፊተኛው ያሸንፋል። አፍንጫዋ ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ከተደፋ በኋላ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። የኋለኛው ክንፍ ከፊተኛው ይበልጥ ያነሳል። የኋላው ተነሳ ማለት የፊቱ ተደፋ ማለት ነው። አብራሪው ለመዳን ዘንጉን በሳበ ቁጥር ይበልጥ ወደ ሞቱ ይሄዳል።

ይህንን በጋራዥ ውስጥ ያለ አናጢ በምን ሊያውቀው ይችላል? ሚኜስ ቢሆን? እሱ በረጋ አየር፣ ሚዛኗን በጠበቀ አውሮፕላን፣ በለመደ እጅ ነበር የሚበርረው። ወደዚያ ጥግ ስላልደረሰ ጉድለቱ ተሰውሮ ቆየ። የእጅ ሥራ ጉድለትም የተሳሳተ ክብደትም አደጋውን አቅርበውት ይሆናል። ሥሩ ግን ንድፉ ውስጥ ነበር። ሙታኑን በሞታቸው መውቀስ አይገባም።

«ታገደች፣ ታሪኳም አበቃ»

በ1936 ሁለቱም አገሮች በረራዋን አስቆሙ። እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ በዚያው ሞተ ማለት ይቻላል፤ አዲስ ፈቃድ መስጠት ቀረ። «አሴሩበት» የሚሉት ወገኖች ግን አንድ ነገር ይዘላሉ። እገዳው የመጣው ምርመራው ከሚያሳየው አደጋ የተነሳ ነው። የታገደውም በዚያ መልክ የተሠራችው ኤችኤም 14 እንጂ የሚኜ ሐሳብ በሙሉ አልነበረም።

ሚኜም አኩርፎ አልተቀመጠም። የምርመራውን ውጤት ተቀብሎ ንድፉን አረመ። የክንፎቹን ቅርጽና በመካከላቸው ያለውን ርቀት አስተካከለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያወጣቸው እንደ ኤችኤም 290 እና ኤችኤም 293 ያሉ ሞዴሎች ያ የሞት ወጥመድ የለባቸውም። በሥራው ምክንያት አሜሪካ፣ አርጀንቲና፣ ጃፓንና ሞሮኮ ድረስ ሄዷል። ከእሱ በኋላም ኤሚልየን ክሮዝ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በዚያው መርህ የራሱን አውሮፕላኖች ሠርቷል። በ1980ዎቹ ደግሞ «ባሌሪ» የተባለ ባለ ሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን በሚኜ ስም በተቋቋመ ድርጅት ተመርቷል። የፈረንሳይ ጦር ሳይቀር ተጠቅሞበታል።

«ከአደጋው በቀር የተረፈ ነገር የለም»

ሚኜ ከመነሳቱ በፊት አውሮፕላን የሀብታም፣ የወታደርና የፋብሪካ ጉዳይ ነበር። ተራ ሰው ቤቱ ሠርቶ በሕጋዊ መንገድ የሚያበርበት ቦታ አልነበረም። በየጋራዡ የሚሠሩት ሰዎች ሲበዙ መንግሥት ዝም ማለት አልቻለም፤ ሙሉ በሙሉ መከልከልም አላዋጣውም። በ1938 ፈረንሳይ በግለሰብ ለሚሠሩ አውሮፕላኖች የሚሆን የተወሰነ የብቃት ምስክር ወረቀት አወጣች። ሠሪው ራሱ ይሠራል፣ ባለሥልጣኑ ይቆጣጠራል፣ አውሮፕላኑ በተወሰነ ገደብ ይበራል። ከጦርነቱ በኋላ የተቋቋመው የፈረንሳይ አማተር ሠሪዎች ማኅበርም የተጠራው በሚኜ መጽሐፍ ስም ነው፤ «የአየር ስፖርት መረብ» ተባለ። አባላቱ ዛሬም በየቤታቸው አውሮፕላን ይሠራሉ።