«40 ኪሎ ክሪስታል አለኝ፤ ስንት ያወጣል?»

በስልክ በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ ይኸው ነው። ቀለሙን የሚነግረኝ የለም፤ ኪሎውን ብቻ። የከበሩ ድንጋዮችን መገመት ሥራዬ ነውና በትሕትና መመለስ ነበረብኝ፤ ግን ሰለቸኝ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ዋናው ስህተት የካራት ሒሳብ ነው። ደላላው ስልኩን ያወጣና ያባዛል፦ 1 ኪሎ 5,000 ካራት ነው፤ 40 ኪሎ 200,000 ካራት። ጥሩ ኤመራልድ (አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ) በካራት 500 ዶላር ይሸጣል ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ 100 ሚሊዮን ዶላር! ማባዛቱ ልክ ነው፤ ችግሩ ያ ዋጋ የዚህ ድንጋይ አለመሆኑ ነው። በካራት የሚጠራው ዋጋ ለጠራ፣ ተቆርጦ ለተወለወለ፣ ቀለበት ላይ ለሚገባ ድንጋይ ነው። ኤመራልድ ከሚወጣበት ከሻኪሶ በኩል የሚመጣልኝ ትልቅ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ዓለት ነው፤ አረንጓዴው ከውስጡ ብቅ ያለ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ባትሪ ቢያበሩበት ብርሃን የማያሳልፍ። ከእሱ ለቀለበት የሚሆን አንዲት ፍሬ ላይወጣ ይችላል።

በዚህ ሒሳብ የተሞኘው የእኛ ደላላ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ብራዚል ውስጥ የወጣው የባሂያ ኤመራልድ 340 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በአንድ ወቅት 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል፤ በዚያ ዋጋ የገዛው ግን የለም። ሎስ አንጀለስ ተይዞ ባለቤት ነን ባዮች ለዓመታት ሲካሰሱበት ቆዩ፤ በ2024 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ለብራዚል እንዲመለስ የሚያስችል ውሳኔ ሰጠ። ገማች ነኝ ያለ ሁሉ የፈለገውን ቁጥር መጻፍ ይችላል። እኔ የምጠይቀው «ስንት ተባለ?» ሳይሆን «ማን ስንት ከፈለ?» ብዬ ነው።

«ትልቅ ስለሆነ ብርቅ ነው» የሚሉም አሉ። ናሚቢያ፣ ስዋኮፕሙንድ ከተማ ውስጥ 14 ቶን የሚመዝን የኳርትዝ ክምር ለእይታ ቆሟል። ኳርትዝ በየትም የሚገኝ ተራ ማዕድን ነው።

«መስታወት ጫረ፤ አልማዝ ነው።» ኳርትዝም ይጭራል። ከ1 እስከ 10 ባለው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ (ሞህስ) ጥንካሬው 7 ነው፤ መስታወት 5.5 አካባቢ።

«ኃይል አለው፣ ይፈውሳል።» ይህን ለሚያምን ገዢ ንገሩት፤ እኔ ግምት ውስጥ አላስገባውም።

ታዲያ ለጌጥ የሚቆም ትልቅ ክሪስታል በምን ይገመታል? መጀመሪያ ጫፎቹን እዩ። አንዲት እህታችን ከውጭ ስትመለስ ጉልበት የሚደርስ አሜቴስት (ሐምራዊ ኳርትዝ) ይዛ መጣች፤ ከብራዚል የወጣ ነው ተብላ በኪሎ የገዛችው። ከፊት ሲያዩት ሐምራዊው ያስደነግጣል። ባትሪዬን በጎን በኩል ሳበራበት ግን ከጠርዙ ጋር ያሉት ጫፎች ላይ ነጫጭ ነጥቦች ታዩ፤ ሁሉም ተሸርፈዋል። በአልትራቫዮሌት መብራት ደግሞ አንዱ ጎን ላይ ሰማያዊ ክር የመሰለ መስመር አበራ፤ ሙጫ ነው። ጀርባውን፣ ግራጫ ቀለም የተቀባውን፣ በቁልፍ ጫር ባደርገው ሲሚንቶ። ድንጋዩ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ጀርባውን በሲሚንቶ መሙላት የተለመደ ነው፣ ማጭበርበር አልለውም፤ ግን እሷ ሲሚንቶውንም በአሜቴስት ዋጋ ገዝታዋለች። ይህን ስነግራት የተቆጣችው እኔን ነው!

ከጫፉ ቀጥሎ የቀለሙ ጥልቀት፣ ጥራቱና ብልጭታው፣ የክሪስታሎቹ አቀማመጥ፣ ከዚያም የወጣበት ቦታ። ቦታው በጽሑፍ የተያዘለት ድንጋይ «ከአንድ ሰው ነው የገዛሁት» ከሚባለው ይበልጣል። ከመሠረቱ ነጭ ሆኖ ጫፉ ላይ የተቃጠለ ብርቱካንማ ቀለም ያለውን «ሲትሪን» (ቢጫ ኳርትዝ) በብርቅ ዋጋ አትግዙ፤ አብዛኛው ምድጃ ውስጥ የገባ አሜቴስት ነው። እውነተኛውንም አሜቴስት ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታቁሙት፣ ይገረጣል።

«በአሲድ ታጥቦ ሲያበራ ዋጋው ይጨምራል» የሚለው ደግሞ ስንቱን አበላሸ። ኳርትዙ አሲድ ላይጎዳው ይችላል። አሜቴስቱ ላይ የበቀለው ካልሳይት የተባለ ሌላ ማዕድን ግን አረፋ እያወጣ ያልቃል፤ ብዙ ጊዜ ድንጋዩን ከሌላው ለይቶ ዋጋ የሚያስጨምረው ደግሞ ያ ካልሳይት ነው። ሳትነኩት አሳዩኝ።