ወንዝ ዳር ግንባታ ሲጀመር ስለ ሙስል የሚነገሩ የተሳሳቱ ነገሮች

አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ድልድይ ሊሠራ ሲል፣ ከኤክስካቫተሩ በፊት ባለሙያዎች ወንዝ ገብተው ወለሉን በእጃቸው ሲዳብሱ ልታዩ ትችላላችሁ። የሚፈልጉት ሙስል ነው፤ በሁለት ዛጎል ተከድኖ አሸዋና ጠጠር ውስጥ የሚኖር እንስሳ። «ለዚች ብሎ ሥራ ይቆማል እንዴ?» የሚል ብዙ ነው። አዎ፣ ይቆማል። መቆምም አለበት።

«ድንጋይ በሉት፣ ምን ይጠቅማል?»
አንድ ትልቅ ሙስል በቀን እስከ 40 ሊትር ገደማ ውሃ ያጣራል። ሰሜን አሜሪካ ወደ 300 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ አደጋ ላይ ናቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ከምድር ጠፍተዋል ብሎ ከጥበቃ መዝገብ ከሰረዛቸው 21 ዝርያዎች ውስጥ 8ቱ ሙስሎች ነበሩ። ይኼ ያሳዝነኛል፤ ጠፍተው ካለቁ በኋላ ነው ስማቸውን የምንሰማው።

«ሙስል እኮ ወራሪ ነው»
ወራሪው ዜብራ ሙስል ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በመርከብ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቆቹ ሐይቆች የገባ ነው። እንዲያውም አገር በቀሎቹ ላይ እየተለጠፈ የሚገድላቸው እሱ ነው።

«አየሁ፣ ምንም የለም»
ከላይ ሆኖ አይታይም። ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ ተቀብረው ነው የሚኖሩት፤ ሲበርድ ደግሞ ይበልጥ ጠልቀው ይገባሉ። ለዚህ ነው ኦሃዮ ውስጥ ፍለጋው ከሜይ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ብቻ የሚካሄደው። የግንባታውን ጊዜ የሚያወጣ ሰው ይህንን ካላሰበበት ዓመቱን ሙሉ ሊያጣ ይችላል።

«እኛ ውሃው ውስጥ አልገባን፣ ዳር ላይ ነው የምንቆፍረው»
ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ዳር ላይ የተቆለለ አፈር አንድ ከባድ ዝናብ ይበቃዋል፣ ተጠርጎ ወንዝ ይገባል፣ ከዚያ ደለሉ ታች ድረስ ወርዶ ማንም ያልነካቸውን ሙስሎች ያፍናቸዋል። ዓሣ ቢሆን ሸሽቶ ያመልጣል። ሙስል ግን የት ይሄዳል? ዛጎሉን ዘግቶ ይጠብቃል፤ ደለሉ ከቆየ ይሞታል። ያልደረቀ ኮንክሪት የነካው ውሃም ይጎዳቸዋል። ስለዚህ ደለል የሚይዘው ጨርቅ ቁፋሮ ሳይጀመር ነው መተከል ያለበት፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ደግሞ መታየት አለበት። የወንዙን ዳር የያዙትን ዛፎች ካለ አስገዳጅ ምክንያት አትቁረጡ።

«ለቅሞ ሌላ ቦታ መጣል ነው»
መጣል ሳይሆን መትከል ነው። ባለሙያው ለቅሞ፣ በእርጥበትና በጥላ ይዞ፣ ዝርያውን ለይቶ፣ ብዙውን ጊዜ ከግንባታው በላይ፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል ባለ ተስማሚ ቦታ አንድ በአንድ ጠጠሩ ውስጥ ይቀብራቸዋል፤ በኋላም ተመልሶ መኖራቸውን ያያል። እንዲህም ተደርጎ የሚሞቱ አሉ። በኔ እምነት ማዛወር የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የድልድዩን ምሰሶ ከውሃው ማውጣት አይቻልም ወይ?» የሚለው ነው። ኮሎምበስና አካባቢዋ በግንባታ ላይ የምትሠሩ ወገኖች ደግሞ፣ በደግነትም ቢሆን ራሳችሁ አታንሷቸው። ያለ ፈቃድ መንካት በኦሃዮ ሕግ ክልክል ነው፤ ባዶ ዛጎሉን መውሰድም ቢሆን።

«ሥራው ሲያልቅ ይራባሉ»
የአብዛኞቹ እጭ ዓሣ ስንጥብ ላይ ተጣብቆ ካላደገ አይተርፍም፤ ያውም ብዙዎቹ የሚስማማቸው የተወሰነ ዓሣ ብቻ ነው። ውሃውን ለማሳለፍ ከመንገድ ሥር የሚቀበረው ቱቦ ከወንዙ ወለል ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ዓሣው ሽቅብ ማለፍ አይችልም። ያኔ ከላይ ያሉት ሙስሎች ለአሥርት ዓመታት በሕይወት ይቆያሉ፣ ግልገል ግን አይተኩም። ቱቦው ከወለሉ ዝቅ ብሎ ይቀበር።