ለደሴ ሰው የባሕር ኤሊ ምኑ ነው?

ደሴ ውስጥ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። ባለፈው ክረምት አምስት ሳምንት ኬንያ ነበርኩ። ዋታሙ በምትባል የሕንድ ውቅያኖስ ዳር ከተማ፣ የተጎዱ የባሕር ኤሊዎች የሚታከሙበት ቦታ። ከተመለስኩ ወዲህ ፒያሳ ሻይ ስጠጣም ሆነ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ስቀመጥ ወሬው ሁሉ ኤሊ ሆኗል። አንዳንዱ ይጠይቀኛል። አብዛኛው ግን ከእኔ በላይ ያውቃል። ደጋግሜ የሰማኋቸውን እነሆ።

«ድንጋዩን አውልቃችሁ ነው የምታክሟት?»

ይህ የአንድ ጎረቤታችን ጥያቄ ነው። አይፈረድባቸውም። አማርኛችን ራሱ ኤሊን «ድንጋይ ልብሱ» ይላታል። ልብስ ከሆነ ደግሞ ይወልቃል። እውነታው ግን አጥንት ነው። የጎድን አጥንቷና የጀርባ አጥንቷ ተዋህደው የሠሩት። ነርቭ ስላለው ሲነኩት ይሰማታል። ሳንባዋም ከሥሩ ተጠግቶ ነው ያለው። የጀልባ ሞተር ሲመታት እንግዲህ የአጥንት ስብራት ነው፤ ሳንባም ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ የባሕር ኤሊ እንደ እኛ አገር የየብስ ኤሊ ስትደነግጥ አንገቷን አትሰበስብም። መክተቻ የላትም።

«የባሕር እንስሳ እንዴት ውሃ ውስጥ ታፍና ትሞታለች?»

ትሞታለች። የምትተነፍሰው እንደ እኔና እንደ እናንተ በሳንባ ነው። ስታርፍ ለሰዓታት ትንፋሿን ይዛ መቆየት ትችላለች። መረብ ውስጥ ገብታ ስትታገል ግን አየሩ ቶሎ ያልቅባታል።

ዋታሙ ላይ ዓሣ አጥማጆች ኤሊ መረባቸው ውስጥ ስትገባ ይደውላሉ። ላጠፉት ጊዜ ትንሽ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። በስዋሂሊ የባሕር ኤሊ «ካሳ» ትባላለች። ለካሳ ካሳ ይከፈላል ማለት ነው። ካሳ የሚባል ዘመድ ያላችሁ አትቀየሙኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዷን አመጡልን። ዝልፍልፍ ብላለች። እጅ እግሯን ብታነሱት ይወድቃል። እኔ ሞታለች ብዬ ጓንቴን ማውለቅ ጀምሬ ነበር። አለቃዬ ግን በሆዷ አስተኝተን ኋላዋን ከፍ እንድናደርግ፣ ጥላ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ እንድናለብሳት ነገረችኝ። በጀርባ ማስተኛት አይቻልም፤ የሆድ ዕቃዋ ሳንባዋን ይጫነዋል። ወደ ባሕር መመለስም አይቻልም፤ ራሷን ስለሳተች በዚያው ትሰምጣለች። እስከ 24 ሰዓት ይጠበቃል። ማታ ላይ የዓይኗን ቆብ በጣቴ ነካ ሳደርገው ጨፈነችው። ጮኬ ነበር መሰለኝ።

«ስትወልድ ታለቅሳለች»

መጀመሪያ ነገር አትወልድም፤ አሸዋ ቆፍራ እንቁላል ትጥላለች፤ በአንድ ጊዜ 100 ገደማ። እንባ የሚመስለው ደግሞ ከዓይኗ አጠገብ ባለ ዕጢ በኩል የምታስወጣው ትርፍ ጨው ነው። የባሕር ውሃ ስትጠጣ የምትኖር ናትና።

«መድኃኒት መድኃኒት ነው፤ በኪሎ አስልተህ ትወጋለህ»

ይህን የሚሉት የክፍሌ ልጆች ናቸው፤ ሊያውቁ ሲገባቸው። የኤሊ ሰውነት ቀዝቃዛና ዝግተኛ ነው፤ መድኃኒቱም ቶሎ አይወጣላትም። ሴፍታዚዲም የሚባለው አንቲባዮቲክ የሚሰጠው በየ72 ሰዓቱ ነው። ላም ላይ በለመድነው ልማድ በየቀኑ ብንወጋት እኛው ልንመርዛት እንችላለን።

ደም መቅዳቱም ሌላ ጣጣ ነው። ሥሯ አይታይም፣ አይዳሰስም። ከአንገቷ ጀርባ፣ ከመሃል መስመሩ ቀኝ ወይም ግራ፣ በግምት ትገባለህ። የኤሊ ቀይ የደም ሕዋስ ከሰውና ከውሻ በተለየ ኒውክለስ (የሕዋስ አስኳል) ስላለው ለሰው ወይም ለውሻ የተሠራው ቆጣሪ ማሽን ይሳሳታል። በማይክሮስኮፕ በእጅ መቁጠር ግድ ነው። እዚህ ላይ ፈረንጆቹን በለጥኳቸው። እኔ እኮ ማሽን በተበላሸ ቁጥር በእጅ ስቆጥር የኖርኩ ነኝ።

«ጫጩቶቹን አንስቶ ባሕር ውስጥ መጣል ጽድቅ ነው»

ጥሩ ልብ ነው፣ ግን ይቅር። አሸዋው ላይ ራሳቸው ቢሄዱ ነው የሚሻለው። የሚያስፈልጋቸው መብራት ማጥፋት ነው። የሚሄዱት ወደ ደመቀው አድማስ ስለሆነ የሆቴል አምፖል ካዩ ወደ መንገድ ይወጣሉ።

«ፌስታላችን በቦርከና አድርጎ ባሕር ይገባል»

ይህን ያለችኝ የአክስቴ ልጅ ናት፤ የአካባቢ ክበብ አባል። በቅን ልቦና የተነገረ ስህተት ስለሆነ ማረም ከበደኝ። ቦርከና ከደሴ ወርዶ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አያውቅም፤ አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ከኩታበር ወዲያ የሚዘንበው በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ የዓባይ መጨረሻ ሜዲትራኒያን ነው፣ እዚያም የባሕር ኤሊ አለ። ግን እስከዚያ ሕዳሴና አስዋን አሉ። ስለዚህ የደሴ ፌስታል ኤሊ ገደለ ብዬ አልምልም።

የእኛ ፌስታል እዚሁ ነው የሚቀረው። ዋታሙ ላይ ኋላዋ ተንሳፍፎ መጥለቅ ያቃታት ኤሊ ነበረች። አንጀቷ ተዘግቶ ጋዝ ሞልቷታል። ጉሮሮዋ ውስጥ ወደ ኋላ የዞሩ እሾሆች ስላሉ የዋጠችውን መልሳ አትተፋም። ከቀናት ሕክምና በኋላ ከኩሷ ጋር የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ወጣ። ሁሉም ከበቡት፣ ፎቶ አነሱ። እኔን ብዙም አልገረመኝም። ኮምቦልቻ ቄራ ለልምምድ በሄድኩ ጊዜ ከአንድ በሬ ጨጓራ ፌስታልና ገመድ ተጠቅልሎ፣ የሕፃን ጭንቅላት አክሎ ሲወጣ አይቻለሁ። ያን ቀን ፎቶ ያነሳ አልነበረም።

«ከብት ፌስታል የሚበላው ሞኝ ስለሆነ ነው» የሚልም አለ። ፌስታሉ ውስጥ የቀረው ጨውና የምግብ ሽታ ነው የሚጠራው። ኤሊዋም ባሕር ውስጥ የቆየ ፕላስቲክ የምግብ ሽታ ይሸታታል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ቡና ላይ ሳወራላት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ የበሬው በምን ይወጣል?» አለች።

«በቀዶ ጥገና፤ ግራ ጎኑ ተከፍቶ።»

«እና የኛዋ ጥጃ ሰሞኑን መብላት ያቆመችው...»

ስኒዬን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።