ስለ ቁፋሮ ቱቦ ጥርስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዘንዘልማም ይሁን መሸንቲ፣ በባሕር ዳር ዙሪያ የውኃ ጉድጓድ ሪግ (መቆፈሪያ ማሽን) ከቆመ ተመልካች አይጠፋም። አስተያየት ሰጪም እንዲሁ። የቁፋሮ ቱቦዎቹ እንደ ብሎን እየዞሩ ስለሚያያዙበት ጥርስ የሚባለው ግን አብዛኛው ልክ አይደለም። አንዳንዱን ከሠራተኞቹም አፍ ትሰሙታላችሁ።

«በቱቦው የሚያልፈውን አየርና ውኃ እንዳይሾልክ የሚይዘው ጥርሱ ነው።» ይሄ ከቤት ቧንቧ የመጣ ሐሳብ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ጥርሱ ላይ ቃጫ ወይም ቴፍሎን ጠቅልሎ ያጠብቃል፤ እዚያ ልክ ነው። በቁፋሮ ቱቦ ግን በወንዴው (በሚገባው) እና በሴቴው (በሚቀበለው) ጥርስ መሃል ታስቦበት የተተወ ክፍተት አለ። የሚዘጋው ትከሻው ነው፤ ከጥርሱ ዳር ሁለቱ ጠፍጣፋ የብረት ፊቶች የሚገጥሙበት ቦታ። ጥርሱ እነዚህን ፊቶች ስቦ ያጋጥማል፣ የቱቦውን ክብደት ይሸከማል። እና ትከሻው ላይ አንዲት ጭረት ካለች፣ በግፊት የሚወጣው አየር ወይም ጭቃ በዚያችው ቀጭን መንገድ እየሾለከ ብረቱን ይበላዋል። የጥርስ ቆብ (ጫፉን የሚሸፍነው መከላከያ) ጣጣ የሚመስላቸው፣ ቱቦውን ባዶውን መሬት ላይ የሚጎትቱ አሉ። ገንዘባቸውን ነው የሚጎትቱት።

«በጠበቀ ቁጥር ይሻላል» የሚለውም አያስኬድም። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ሴቴው አፉን ይከፍታል፣ ወንዴው ይለጠጣል። ከላላ ደግሞ ትከሻው ይላቀቅና ቱቦው በዞረ ቁጥር ጥርሱ ሥር ይታጠፋል፤ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። የእኛ አካባቢ ባዛልት አንዴ ጠጣር፣ አንዴ ስንጥቅ የበዛበት ነው። መሰርሰሪያው ሲንቀጠቀጥ ችግሩ ይብሳል።

«ግራሶ ያው ግራሶ ነው።» አይደለም። የጥርስ ቅባት ውስጥ እንደ መዳብ ወይም ዚንክ ያለ የብረት ዱቄት አለ። ተራ ግራሶ በጫናው ተጨምቆ ይወጣና ብረት ከብረት ይፋተጋል። ስለሚያንሸራትትም በዚያው ጉልበት ከልክ በላይ ያጠብቃል። እርሳስ ያለበት ቅባት ደግሞ ሰው ለሚጠጣው ጉድጓድ ጭራሽ አይገባም።

«ሁለቱም 3½ ኢንች ከሆኑ ይገጥማሉ።» ይሄኛው ቱቦ ሲገዛ ወይም ሲከራይ ያከስራል። ቁጥሩ ብቻውን የጥርሱን ዓይነት አይነግርም። ሬጉላርና አይኤፍ የሚባሉ የጥርስ ዓይነቶችን እንይ፦ 3½ ሬጉላር በአንድ ኢንች 5 ጥርስ አለው፤ በአንድ ጫማ ርዝመት 3 ኢንች ይቀጥናል። 3½ አይኤፍ (ኤንሲ 38 የሚባለው) 4 ጥርስ ብቻ ነው ያለው፤ የሚቀጥነውም 2 ኢንች። ወንዴው ሥሩ ላይ ሬጉላሩ 89 ሚሊሜትር ግድም፣ አይኤፉ 102 ግድም ነው። ሁለቱን ለማገናኘት መሸጋገሪያ፣ ማለትም በአንድ ጫፉ አንዱ፣ በሌላው ጫፉ ሌላው ጥርስ ያለው አጭር ቁራጭ ያስፈልጋል።

ቱቦው ጉድጓድ ውስጥ ሲያዝ «ወደኋላ አዙረው!» እያሉ የሚጮኹም አይጠፉም። ጥርሱ በቀኝ የሚጠብቅ ነው፤ ወደኋላ ሲዞር ጉድጓዱ ውስጥ ተፈትቶ ይቀራል።

«ያለቀ ጥርስ በብየዳ ይሞላል።» ጥርሱ ያለበት ክፍል በሙቀት የጠነከረ ልዩ ብረት ነው፤ ብየዳው ጥንካሬውን ያበላሸዋል፣ ስንጥቅም ይጀምርለታል። ትክክለኛው መንገድ፣ በቂ ርዝመት ከተረፈው፣ ያለቀውን ቆርጦ በቶርኖ አዲስ ጥርስ ማውጣት ነው። መለኪያ ጌጅ የሌለው ቶርኖ ቤት ግን ጥርስ ቢያወጣም ልኩን ማረጋገጥ አይችልም። ቱቦውን ከማስረከባችሁ በፊት ጌጁን አሳዩኝ በሉ።