«እኔ ክፍል ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ የለም» (አለ እኮ!)

ጅማ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ነው የማስተምረው፣ በየመስከረሙ ቅጽ ይመጣና «ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች ብዛት» የሚለው ጋ ስደርስ ለዓመታት ዜሮ እየሞላሁ አልፌያለሁ፣ ያውም ከ60 በላይ ልጅ ታጭቆ በሚማርበት ክፍል። ስታፍ ሻይ ስንጠጣ የምንባባለውን ነገር አምኜ ነበር፣ አሁን ግን አንድ በአንድ ላንሳው።

«ዊልቸር ወይ በትር ካልያዘ ደህና ነው» እንላለን። ብዙው ችግር እኮ አይታይም። አንድ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ ነበረኝ፣ ከሰሌዳ አይገለብጥም፣ ሁልጊዜ የጎረቤቱ ደብተር ላይ ነው ዓይኑ፣ እኔ ደግሞ ሰነፍ ብዬ ስንቴ አስነስቼ አቁሜዋለሁ። ለካ አያይም። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ፊት አምጥቼ ሳስቀምጠው ዓይኑን አጥብቦ ቁጭ ብሎ መገልበጥ ጀመረ፣ ከዛ ቤተሰቡ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ወስደውት መነጽር ታዘዘለት። በቃ ይሄው ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ የቆመው በእኔ ጥፋት ነው።

ጆሮም እንደዛው። ጆሮው መግል የሚፈሰውን ልጅ «ሲያድግ ይተወዋል» ብለን እንተወዋለን፣ ቶሎ ካልታከመ ግን መስማቱን ይቀንሰዋል። ጅማ ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ክረምትን አትጠብቅም፣ ገና በመጋቢት ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር እኔ ራሴ ድምፄ አይሰማኝም፣ በደህናው ቀን ግማሹን ብቻ የሚሰማ ልጅ ምን ሊቀረው ነው? ፊት ማስቀመጥ፣ ሲያወሩ ወደ ልጁ መዞር፣ ለሰሌዳው ጀርባ ሰጥቶ... ይቅርታ፣ ለልጆቹ ጀርባ ሰጥቶ እየጻፉ አለማስረዳት፣ ሲዘንብ ደግሞ ዋናውን ነጥብ ሰሌዳ ላይ መጻፍ። ሳንቲም አያስወጣም።

«አራተኛ ክፍል ደርሶ የማያነብ ሰነፍ ነው» የሚለው ደግሞ አለ። ዲስሌክሲያ የሚባል ነገር አለ፣ ልጁ በቃል ስትጠይቁት ከማንም በላይ ይመልሳል፣ ወረቀት ሲያይ ግን ይጠፋበታል። ፊደላችንን አስቡት፣ ቡ እና ቢን የምትለያቸው ያቺ ጭረት ወገብ ላይ መሆኗና እግር ስር መሆኗ ናት፣ በቁቤ ደግሞ ቢ እና ዲ ፊታቸውን ያዞሩ መንትያዎች ናቸው። ይሄን ልጅ በጉልበት አስነስቶ ጮክ ብለህ አንብብ ማለት ከመሸማቀቅ በቀር ምንም አያስተምረውም፣ ጥቂት ጥቂት ፊደል ከነድምፁ እየደጋገሙ ማሳየት ነው ያለው አማራጭ፣ ጊዜ ይፈጃል አልዋሽም።

እዚህ ላይ ግን እኛ ከተማ የምንሳሳተው በተቃራኒውም ነው። ቤቱ ኦሮምኛ ብቻ እያወራ አድጎ አማርኛ ክፍል የገባ ልጅ ዝም ሲል «ይሄ ልጅ ችግር አለበት» እንላለን (በግልባጩም እንደዛው)። ቋንቋ አለመልመድ ልዩ ፍላጎት አይደለም። በቤቱ ቋንቋ ተረት ንገረኝ በሉት፣ ከተንደረደረ ምንም የለበትም፣ በሁለቱም ቋንቋ ከተቸገረ ያኔ ቀረብ ብሎ ማየት ነው።

በጣም የሚያናድደኝ የሚጥል በሽታ ላይ ያለው ነገር ነው። «ለሃጩ ይጋባል» ተብሎ ልጅቷ ስትወድቅ ክፍሉ በሙሉ ይሸሻል፣ ቲቸሩም ጭምር፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ አሽቷት ይላል፣ ሌላው ጥርሷ መሃል ማንኪያ ልክተት ይላል። አይጋባም! የአንጎል ሕመም ነው፣ ክብሪትም አያስቆመውም፣ ማንኪያውም ጥርስ ይሰብራል እንጂ አይጠቅምም። ጭንቅላቷ ስር ሹራብ ማድረግ፣ የሚመታትን ዴስክ ገለል ማድረግ፣ በጎን ማስተኛት፣ ሰዓት ማየት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል መውሰድ፣ ይሄው ነው። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ እኛ ሀገር ለዚህ በሽታ በብዛት የሚሰጠው ፌኖባርቢታል የሚባል መድኃኒት እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ ስለዚህ ዴስክ ላይ ተደፍታ ስታዩ ቁጣ ሳይሆን እናቷን ጠርቶ ሐኪሙን አማክሩ ማለት ነው የሚያስፈልገው። መድኃኒቱን ግን በራሳቸው እንዳያቋርጡ፣ ያ ይብሳል።

«ለነሱ ልዩ ትምህርት ቤት ይሻላቸዋል፣ ሌሎቹንም ያዘገያሉ» ለሚሉት የትነበርሽ ንጉሤን ነው የምጠቅሰው። በ5 ዓመቷ ነው ዓይኗን ያጣችው፣ ሻሸመኔ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ ከዛ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ከሚያዩ ልጆች ጋር ተማረች፣ የሕግ ባለሙያ ሆነች፣ በ2017 እንደ ፈረንጆቹ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ወስዳለች። ሀገራችንም በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች ኮንቬንሽን አንቀጽ 24 ላይ አካቶ ትምህርት (ሁሉም ልጅ አብሮ የሚማርበት) መብት ነው ይላል፣ የቲቸሩ ደግነት አይደለም። ግን አካቶ ማለት ልጁን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፣ መስማት የተሳነውን ልጅ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አንድም ሰው በሌለበት ክፍል አስቀምጦ «አካተናል» ማለት ቀልድ ነው። የምልክት ቋንቋ ካወቀ አፉን አይፈታም የሚባለውም ውሸት ነው፣ ቋንቋ ቋንቋን አይከለክልም።

ፈተና ላይ ደግሞ «ጊዜ መጨመር አድልዎ ነው» የሚል አለ። ጥያቄው እኮ ያው ነው፣ መልሱን የሚነግረው የለም፣ ብሬል በጣቱ እየዳሰሰ የሚያነብ ልጅ ገጹን እንደ እናንተ በአንድ እይታ አይጨርሰውም። ለኔ ባለመነጽሩ ልጅ ወረቀቱን በትልቅ ፊደል አስፕሪንት አደርግለታለሁ፣ አንድ ሁለት ገጽ ይበልጣል፣ በቃ።