የዛፍ ክርከማና ሴፍቲ ቤልት በድሬዳዋ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ ነው። ከዚራ የተባለችው ሰፈሯ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎቿና በዛፎቿ ጥላ ትታወቃለች፤ በዚያ ሙቀት ጥላው ለነዋሪው ትልቅ ሀብት ነው። ከማዳጋስካር የመጣው ባለ ቀይ አበባ ዛፍ በአማርኛ «የድሬዳዋ ዛፍ» ተብሎ የከተማዋን ስም ይዟል። እንጨቱ ግን ተሰባሪ ነው፤ ጤነኛ የሚመስል ቅርንጫፍ ሳይጎብጥ ቀጭ ብሎ ይገነጠላል። ስለዚህ ለክርከማ የሚወጣ ሰው ሴፍቲ ቤልት፣ ማለትም ሲወድቅ አንጠልጥሎ የሚይዘው የሰውነት ማሰሪያ፣ ያስፈልገዋል።

ትክክለኛው ቤልት ትከሻን፣ ደረትንና ሁለቱን ጭኖች የሚይዘው ነው። የወገብ ቀበቶ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ አይበቃም። የወደቀ ሰው ሲንጠለጠል ቀበቶው ወደ ጎድኑ ተስቦ ትንፋሽ ያሳጥረዋል፣ ወይም ተዘቅዝቆ ይሾልካል። የጀርባው ብረት ቀለበት በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል ይዋል። የጭን ማሰሪያው የተዘረጋ መዳፍ እስኪያስገባ፣ የተጨበጠ እጅ ግን እስከማያስገባ ድረስ ይጠበቅ።

ማሰር የሚጀመረው ከመሬት ነው። ቤልቱን ከዛፉ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ግንዱን ዞሮ ከራስ በላይ ይታሰራል፤ ሰውየው በወጣ ቁጥር አብሮ ከፍ ይላል። እግር ሥር የታሰረ የ1.8 ሜትር ገመድ እስኪወጠር ድረስ ሰውየው ከ3 ሜትር በላይ ይወድቃል። ከ10 ሳንቲሜትር የቀጠነ ቅርንጫፍ ላይ አይታሰርም፤ በድሬዳዋ ዛፍ ላይ ከዋናው ግንድ ባይርቁ ይሻላል። ቅርንጫፍ ለማለፍ ሁለተኛው ገመድ ሳይታሰር የመጀመሪያው አይፈታም። መጋዝ ሲያዝም ሁለቱም እንደታሰሩ ይቆያሉ፤ የተወጠረ ገመድ የመጋዝ ጥርስ ሲነካው ወዲያው ይበጠሳል። በአጠገቡ የመብራት መስመር ካለ መጀመሪያ ይቋረጥ።

ፀሐይ የቤልቱን ጨርቅ ትበላለች። ቀለሙ የነጣ፣ ጠርዙ የተበላ ወይም ስፌቱ የተፈታ ቤልት አይለበስም። በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣል። የወደቀ ሰው አንዴ የያዘ ቤልት፣ ጉዳት ባይታይበትም፣ ከሥራ ይወጣል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውም በአግባቡ እንዲጠቀምበት ያስገድዳል።

ቤልት የያዘው ሰውም ገና አልተረፈም። እግሩ ሳይንቀሳቀስ ከተንጠለጠለ ደም ወደ ታች ይጠራቀምና በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ረግጦ የሚቆምበት የገመድ ቀለበት ኪሱ ውስጥ ይኑር። ከታችም መሰላልና ትርፍ ገመድ ይዞ ዓይኑን ከላዩ የማያነሣ ሁለተኛ ሰው ይቁም።