ድንክዬ ወታደሮችና የጠረጴዛ ላይ የጦር ሜዳ

የታሪክ ጦርነቶችን በድንክዬ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ መልሶ መጫወት በተለይ በብሪታንያ ሥር የሰደደ የትርፍ ጊዜ ሙያ ነው። ጨዋታው ራሱ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው፤ ዝግጅቱ ግን ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይበላል። ተጫዋቹ ቁመታቸው ከአውራ ጣት አንድ አንጓ ብዙም የማይበልጥ ወታደሮችን አንድ በአንድ ቀለም ይቀባል፤ ኮረብታውን፣ ወንዙን፣ የገበሬውን ቤትና አጥር በእጁ ይሠራል፤ ሜትርና ዳይስ ይዞ ከባላጋራው ፊት የሚቆመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከመጫወቱ ይልቅ መቀባቱን የሚወዱም ጥቂት አይደሉም። ተገዝተው ቀለም ሳይነካቸው በየካርቶኑ የሚያረጁ ወታደሮች ደግሞ የዚህ ሰፈር ነባር ቀልድ ናቸው።

ሙያው ሁለት ምንጭ አለው፤ አንዱ የልጆች መጫወቻ፣ ሌላው የመኮንኖች ትምህርት ነው። መጫወቻው የመጣው በዋናነት ከጀርመኗ ኑረምበርግ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በዚያች ከተማ የነበሩ አንጥረኞች፣ ከእነርሱም ስመ ጥሩው ዮሐን ጎትፍሪድ ሂልፐርት፣ እንደ ሳንቲም የሳሱ ጠፍጣፋ ወታደሮችን ያመርቱ ነበር። በ1839 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው የኤርንስት ሃይንሪክሰን ድርጅት የወታደሮቹን ቁመት በ30 ሚሊ ሜትር ሲወስን ሌሎችም ተከተሉት፤ በዚህም የአንዱ አምራች ፈረሰኛ ከሌላው እግረኛ ጎን ሳያፍር መቆም ቻለ። የእነዚህ ጠፍጣፋ ወታደሮች ትልቁ ስብስብ ዛሬ በኩልምባኽ ከተማ፣ ፕላሰንቡርግ በተባለው ግንብ ውስጥ ባለው ሙዚየም ይገኛል። በለንደን ደግሞ ዊልያም ብሪተን በ1893 ውስጡ ክፍት የሆነ ወታደር ማምረት ጀመረ። የቀለጠው ብረት ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስና የውጪው ቆዳ ሲረጋ መሐሉ ተመልሶ ይደፋል። በዚህ ብልሃት ብረቱም ዋጋውም ስለቀነሰ ወታደሩ ከሀብታም ልጆች ክፍል ወጥቶ ለብዙኃኑ ደረሰ።

ሁለተኛው ምንጭ የቀድሞዋ የጀርመን መንግሥት ፕሩሲያ ናት። በ1812 ባሮን ፎን ራይስቪትስ ለንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሣልሳዊ የጦርነት ማስተማሪያ ጨዋታ ሠርቶ አቀረበ። ያቀረበው ግን የወታደር ስብስብ አልነበረም፤ መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ ነበር። ኮረብታ፣ ወንዝ፣ መንደርና መንገድ የተቀረጹባቸው ጡቦች በላዩ እየተገጣጠሙ በየጊዜው አዲስ አገር ይፈጥሩ ነበር። ልጁ በ1824 ጨዋታውን ወደ ካርታ አዛወረው፤ ደንቡንም አሻሽሎ ለዳኛ ትልቅ ሥልጣን ሰጠው፤ የፕሩሲያ ጦርም ለመኮንኖቹ ማሠልጠኛ ተቀበለው። ይህ ታሪክ ሲነገር ደንቡና ዳይሱ ይወደሳሉ። ጨዋታው አንድ ብሎ የጀመረው ከመሬት መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ሁለቱን ያገናኘው ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ ነው። በ1913 ባሳተመው የደንብ መጽሐፍ አዋቂዎች ወለል ላይ ተንበርክከው፣ ከእንጨት የተቆረጠ ጥይት በሚተፋ የመጫወቻ መድፍ የባላጋራቸውን ወታደር የሚያጋድሙበትን ጨዋታ አስተዋወቀ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ጃክ ስክሩቢ፣ በእንግሊዝ ዶናልድ ፌዘርስቶን ሙያውን ከወለል ወደ ጠረጴዛ አነሡት። በ1959 የእንግሊዙ ኤርፊክስ ድርጅት ርካሽ የፕላስቲክ ወታደሮችን ገበያ ላይ ሲያወጣ ደግሞ የኪስ ገንዘብ ያለው ተማሪ ሁሉ ጄኔራል ሆነ። ዛሬ የሙያው መዲና ኖቲንግሃም ናት። አምራቾቹ ጌምስ ወርክሾፕ፣ ዋርሎርድ ጌምስና የመንትዮቹ የፔሪ ወንድማማቾች ድርጅት ሁሉም በዚያው ከተማ ወይም በአካባቢው ስላሉ፣ ሥፍራውን ወታደሮቹ ድሮ ይቀለጡበት በነበረው ብረት “የእርሳስ ቀበቶ” ይሉታል። እርሳስ ግን ዛሬ እምብዛም አይሠራበትም፤ ቦታውን በቆርቆሮ ላይ የተመሠረተ ቅይጥና ፕላስቲክ ወስደውበታል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሙጫ መሰል ፈሳሽን በብርሃን እያጠነከረ ወታደሩን እቤት የሚያወጣ ማተሚያም መጥቷል።

ወታደሮቹ በቁመት ይለያሉ፤ 6፣ 10፣ 15፣ 20፣ 28 እና 54 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ናቸው። ትንሹ ጦር ያሳያል፣ ትልቁ ሰው ያሳያል። ለብዙዎች ሚዛኑ 28 ነው፤ ፊት ይለያል፣ አዝራር ይቆጠራል፣ ግን አንድ ሻለቃ አሁንም ጠረጴዛ ላይ ይበቃል።

አቀባቡን ቀረብ ብለን እንየው። የብረት ወታደር ከፋብሪካው ሲመጣ ሁለቱ የቅርጽ ማውጫ ግማሾች የተጋጠሙበት ቀጭን ጠርዝ ከራስ ቆቡ እስከ ጫማው ይታያል። በትንሽ ሞረድ ካልተላገ ቀለሙ ሲደርቅ ጎልቶ ይወጣል፤ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ከዚያ ወታደሩ በሳሙና ይታጠባል፤ በመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ላይ ይለጠፋል፤ ጥቁር፣ ግራጫ ወይም ነጭ የመነሻ ቅብ ይረጭበታል። ሥራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ቆዳ፣ ልብስ፣ ቀበቶ፣ መሣሪያ፣ ልክ ሰው ሲለብስ እንደሚሆነው። በውኃ የቀጠነ ጠቆር ያለ ቀለም ሲፈስበት ስንጥቁና እጥፋቱ ውስጥ ራሱ ይገባና ጥላ ይሆናል። ከደረቀ በኋላ ብሩሹ ቀለም ተነክሮ በጨርቅ እስኪደርቅ ይጠረጋል፤ የቀረችው ጠብታ የማትሞላ ቀለም እብጠቱን ብቻ እየነካች ታበራዋለች። ስለ ዓይን ሁለት ወገን አለ። አንዱ ነጭና ጥቁር ነጥብ ካላስቀመጠ አይተኛም፤ ሌላው ከአንድ ሜትር ርቀት ዓይን አይታይም፣ ጥላ ይበቃል ይላል። ሁለተኛው ወገን ልክ ነው፤ በጥንቃቄ የተሣለ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ወታደሩን የደነገጠ ያስመስለዋል።

ወታደሩን ከወደድን በኋላ የቆመበትን መርሳት የጀማሪ ሁሉ ጥፋት ነው። ሦስት ወር የተለፋበት ክፍለ ጦር አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ሲሰለፍ መጫወቻ ይመስላል፤ በመጠኑ የተቀባ ጦር በደንብ በተሠራ መሬት ላይ ሲቆም ግን ጦር ሜዳ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ውድ አይደለም። ኮረብታው ለቤት ግድግዳ ሙቀት መጠበቂያ ከሚሸጠው ጠንካራ ፎም ይቆረጣል፤ ጠርዙ በቢላና በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ኮላ ተቀብቶ አሸዋ ይነሰነስበታል፤ ከዚያ ጥቁር ቡናማ፣ በላዩም በደረቅ ብሩሽ ፈዛዛ ቢጫ ይሄድበታል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ባልተሸፈነ ፎም ላይ የሚረጭ ቀለም ከተነፋ ማሟሟቻው ፎሙን ይበላውና ኮረብታው ዓይንህ እያየ ይሟሽሻል። የደረሰ የስንዴ ማሳ ከኮኮናት ጭረት ከተሠራ የእግር መጥረጊያ ይቆረጣል። የቤቱ ጣሪያ ካርቶን ነው። ወንዙ የሚያብለጨልጨው በተደራረበ ቫርኒሽ ሲሆን፣ ትዕግሥት አጥቶ በአንዴ ያፈሰሰው ሰው ለሳምንት የሚያጣብቅ ኩሬ ያተርፋል።

አስቸጋሪው ዕቃው ሳይሆን ልኩ ነው። ባለ 28 ሚሊ ሜትር ወታደር ከእውነተኛው ሰው በግምት 60 ጊዜ ያንሳል። በዚሁ ልክ 100 ሜትር የሚደርስ ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ሊተኩስ ነው፤ የተለመደው ጠረጴዛ ደግሞ 180 በ120 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ርቀቱ ይታጠፋል፤ ሁለት ቤት መንደር ይሆናል፤ አሥር ዛፍ ጫካ ነው። ምን እንደሚታጠፍና ምን እንደሚቀር መምረጡ ነው የመሬት ሠሪው ዋና ጥበብ።

ይህን ምርጫ እምቢ ለማለት የሞከረ አንድ ሰው ነበር። የብሪታንያ መኮንን የነበረው ዊልያም ሳይቦርን ናፖሊዮን በ1815 የተሸነፈበትን የዋተርሉን ጦር ሜዳ እንዲሠራ በ1830 ሲታዘዝ፣ ላ ኤ ሴንት በተባለው የእርሻ ቤት ስምንት ወር ተቀምጦ መሬቱን ለካ፤ ከውጊያው ለተረፉ መኮንኖችም ደብዳቤ እየጻፈ በዚያች ሰዓት የት እንደቆሙ ጠየቀ። መንግሥት ገንዘቡን ሲያቋርጥበት በራሱ ዕዳ ቀጠለ። በ1838 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው ሥራ ከ70,000 በላይ ወታደሮች የሰፈሩበት፣ ርዝመቱ ስምንት ሜትር የሚያልፍ ሜዳ ነበር። የፕሩሲያ ጦር በዚያ ሰዓት ምን ያህል ቀርቦ እንደነበር ማሳየቱ ግን የድሉን ክብር ስለሚያካፍል የብሪታንያውን አዛዥ የዌሊንግተንን ወገን አላስደሰተም፤ ሳይቦርንም በኋላ ከፕሩሲያውያኑ ብዙዎቹን ከሜዳው አነሣ። ሥራው ዛሬ በለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም አለ። ታሪኩን ያነበበ ሰው አንድ ክምር ቆርቆሮ የት መቆም እንዳለበት ይህን ያህል ያጣላል ብሎ መገረሙ አይቀርም።

ወደ እኛም አገር የሚያመጣ መንገድ አለ። የዓድዋ ጦርነት በዚህ ሙያ ውስጥ ከሚመረጡት የቅኝ ግዛት ዘመን ውጊያዎች አንዱ ነው፤ የሁለቱንም ወገን ወታደሮች የሚሠሩ አምራቾች አሉ። የአስካሪዎቹ (በጣልያን ጦር ሥር የተሰለፉት አፍሪካውያን ወታደሮች) አቀባብ ቀላል ነው፤ ነጭ ልብስ፣ ቀይ ታርቡሽ፣ ወገባቸው ላይ እንደየሻለቃው ቀለሙ የሚለያይ መቀነት። ኢትዮጵያውያኑ ግን ቀቢውን ይፈትኑታል፤ ምክንያቱም ደንብ ልብስ የላቸውም፣ ነጭ ሸማ ደግሞ በነጭ አይቀባም። ከመነሻው ነጭ የተደረገ ሸማ ጀሶ ይመስላል። ስለዚህ ከሞቅ ያለ ግራጫ ይነሣና ወደ ወተት መልክ እየፈካ ይሄዳል፤ ንጹሕ ነጭ የሚነካው የእጥፋቱን ጫፍ ብቻ ነው። ከዚያ የጃኖው ቀይ ጥለት በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ ብሩሽ ስቦሽ ይሰመራል፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ሸማው እንደገና ከግራጫው ይጀመራል። ብዛቱም አለ። ለ20 ሰው አንድ ምስል ቢቆም ወደ 100,000 የሚገመተው የምኒልክ ጦር 5,000 ሸማ ማለት ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው ልኩን ወደ አንድ ለመቶ ያሰፋና እንቅልፉን ያተርፋል።

መሬቱስ? የዓድዋው ዕለት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ሁለት ሦስት ኮረብታ በትኖ መጫወት ይቻላል፤ ግን የውጊያው ምሥጢር ይጠፋል። የጣልያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ለብርጌድ አዛዦቹ በሰጠው ንድፍ ላይ ኪዳነ ምሕረት ብሎ የጻፈው ኮረብታ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት አልነበረም። ከእነዚህ አዛዦች አንዱ አልቤርቶኔ በሌሊት ከታሰበለት ቦታ ደርሶ ነበር፤ መሪዎቹ የስሙ ባለቤት ወደ ፊት እንዳለ ሲነግሩት ብርጌዱን ይዞ ብዙ ኪሎ ሜትር ቀጠለና ከሌሎቹ ተነጥሎ ኢትዮጵያውያኑ መሐል ገባ። ይህን ለመጫወት ሁለቱም ኮረብታዎች ጠረጴዛው ላይ መኖር አለባቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከሌላው ሁሉ ያነሰ ይታጠፍ። የአልቤርቶኔን ቦታ የያዘው ተጫዋች ከዳኛው የሚቀበለው የባራቲየሪን ንድፍ ብቻ ይሁን፤ የትኛው ኮረብታ የትኛው እንደሆነ ሲጠይቅ ዳኛው አካባቢውን እንደሚያውቅ መንገድ መሪ ሆኖ እውነቱን ይንገረው።